የ11 ዓመት ጽሑፌ ከሥር ተቀብሯል፤ አንባቢ የድሮውን እንዲያገኘው ምን ላድርግ?

ቀሃ ዳር (ክሩን የከፈተው)
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለዚህ ቤት። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት፤ ከረዘመባችሁ ታገሡኝ።

ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ በራሴ ድረ ገጽ ስለ ጎንደር እጽፋለሁ። የእንጀራ ሥራዬ ሌላ ነው፤ የምጽፈው ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። ስለ ሰፈር ስሞች፣ ስለ 44ቱ ታቦታት፣ ፒያሳ ስላሉት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች፣ ስለ ቅዳሜ ገበያ፣ አያቴ ስለ ነገረችኝ ነገር። አሁን 340 ጽሑፍ ደርሷል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ጻፈችልኝ። «የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ሲሞላ ውኃው ከየት ነው የሚመጣው? እባክዎ አንድ ቀን ይጻፉበት» ትላለች። ጽፌበታለሁ! በ2011 ዓ.ም። ሦስት ቅዳሜ በእግሬ ተመላልሼ፣ ውኃው ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ እንዴት እንደሚመጣ አይቼ፣ ገንዳው ከበዓሉ በፊት ሲጸዳ አጠገቡ ቆሜ፣ የዛፎቹ ሥር የድንጋይ አጥሩን እንዴት እንዳቀፈው ፎቶ አንስቼ የጻፍኩት ነው። ከጽሑፎቼ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ልጅቷ ገጼን ሁለት ዓመት ሙሉ ስትከታተል ጽሑፉ መኖሩን አታውቅም።

ሊንኩን ላክሁላት፤ አመሰገነች። እኔ ግን የዚያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሷ ስለ ጠየቀች አገኘችው። ሳይጠይቅ የሄደው ስንት ነው?

ተነሥቼ ገጼን እንደ ማያውቀው ሰው ሆኜ ከፈትሁት። ፊት ለፊት 10 ጽሑፍ ይታያል፤ ዎርድፕሬስ (ድረ ገጼ የተሠራበት ፕሮግራም) ሲተከል ጀምሮ እንዲያ ነው፣ እኔም ነክቼው አላውቅም። ከሥር «የቀድሞ ጽሑፎች» የምትል አንዲት ትንሽ መስመር አለች። 340ን ለ10 ስታካፍሉት 34 ገጽ ነው፤ የመጀመሪያው ጽሑፌ ጋ ለመድረስ 33 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። በጎን በኩል በወር የተደረደረ ማኅደር አለ። ከሱ ሥር 180 የሚሆኑ መለያ ቃላት ተደርድረዋል። መፈለጊያ ሣጥንም አለ፤ ሰው ግን «ፈልጌ አጣሁ» እያለ ይጽፍልኛል፣ ለምን እንደሚያጣው አልገባኝም።

አዲስ መጻፍ አቁሜ የድሮውን ላስተካክል ወይስ ከነአካቴው እንደ አዲስ ልለጥፈው? የሠራችሁበት ሰዎች ንገሩኝ።

---

ኮድ ከአዘዞ
ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 3:50

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ካነበብሁ በኋላ ገብቼ መፈለጊያህን ሞከርሁት። ችግሩን ያገኘሁት መሰለኝ።

«አፄ ፋሲል» ብዬ ስጽፍ 9 ጽሑፍ አመጣልኝ። «ዓፄ ፋሲል» ስል 14። «አጼ ፋሲል» ስል 3። ሦስቱ ውጤቶች የተለያዩ ናቸው። አንተ በ11 ዓመት ውስጥ አጻጻፍህን ስትለዋውጥ ኖረሃል፤ አንባቢህም የለመደውን ነው የሚጽፈው። እኛ ስናነበው አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አ እና ዐ ልክ እንደ ለ እና መ የማይገናኙ ፊደሎች ናቸው። «አፄ» ብቻ እንኳ አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ከ ፄ እና ጼ ጋር ሲጣመሩ 8 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል። «ጎንደር» እና «ጐንደር» ደግሞ ሁለት ናቸው፤ የከተማችን ስም ራሱ!

በእጅ የሚሠራው መፍትሔ ይኸው፦ በእያንዳንዱ አሮጌ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ «በሌላ አጻጻፍ» ብለህ አንድ መስመር ጨምር፤ ሰው የሚጽፋቸውን መልኮች ሁሉ ደርድርበት። ዛሬ ማታ መጀመር ትችላለህ።

በኮድ የሚሠራው ደግሞ ፊደላቱን ማጠፍ ነው። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ጐ ወደ ጎ ተለውጠው የተጻፈ የእያንዳንዱ ጽሑፍ ሁለተኛ ቅጂ በዳታቤዙ ውስጥ ይቀመጣል። አንባቢው የጻፈውም ቃል ከመፈለጉ በፊት በዚያው መንገድ ይታጠፋል። ሰባቱንም ሆሄያት ማዳረስ አለብህ፤ ሀ እና ሃንም አንድ ማድረግ አትርሳ። ዋናው ጽሑፍህ አይነካም፣ «ሠረገላ» በ ሠ እንደ ተጻፈ ይቀራል፤ የሚታጠፈው ለፍለጋ የተቀመጠው ብቻ ነው። ኮዱ አጭር ነው፤ ከፈለግህ እጽፍልሃለሁ።

ሌላ ያየሁት፦ «ተዛማጅ ጽሑፎች» የሚያመጣ ፕለጊን (ዎርድፕሬስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ተክለሃል፤ ስለ ቁስቋም ስታነብ ስለ ፒያሳ ቡና ቤት ያመጣል። እሱም ምክንያት አለው። ያንተ ፕለጊን ተመሳሳይነትን የሚለካው ቃል በመቁጠር ነው፤ «ጎንደር»፣ «በጎንደር»፣ «የጎንደር»፣ «ጎንደርን» ለሱ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በዚያ ላይ ማይ ኤስ ኪው ኤል (ጽሑፎችህ የሚቀመጡበት ዳታቤዝ) ሲተከል ባለበት ቅንብር፣ ኢኖዲቢ በሚባለው የሰንጠረዥ ዓይነቱ ላይ የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋው ማውጫ ከ3 ፊደል ያነሰ ቃል አይመዘግብም። በእንግሊዝኛ ከ3 ፊደል በታች ያለ ቃል ብዙ ጊዜ ጥቅም የለውም። በአማርኛ ግን «ጣና» ሁለት ፊደል ነው። «ቀሃ»ም ሁለት ፊደል ነው። ያ የምትወደው ጽሑፍህ ዋና ቃሉ አልተመዘገበም ማለት ነው።

---

የበአታ ተማሪ
ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 1:05

እንደምን አደራችሁ። እኔ ኮድ አላውቅም፤ የአቋቋም ተማሪ ነበርሁ። አንድ ነገር ልበል።

ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ነበር። የጽጌ ጾም አልቆ፣ ሕዝቡ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ሲወጣ ውሎ፣ ማታ ስልኬን ከፍቼ ወደ ገጽዎ ገባሁ። ስለ እቴጌ ምንትዋብና ስለ ቁስቋም ቤተ መንግሥት በጣም ያማረ ጽሑፍ እንዳለዎት አውቃለሁ፤ ከዓመታት በፊት አንብቤዋለሁና። ፊት ለፊት የነበረው ግን የፒያሳ ሕንፃ ጽሑፍ ነው። እሱም ጥሩ ነው፤ በዚያ ቀን ግን ሰው ልቡ ያለው ቁስቋም ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ታውቅበታለች። ስንክሳር ከመስከረም 1 ጀምሮ በየዕለቱ የተከፈለ ነው፤ የዛሬው ንባብ ዛሬ ይነበባል፣ በዓመቱ ቀኑ ሲመለስ እሱም ይመለሳል። ስላረጀ ወደ ኋላ የሚገፋ የለም። ግጻዌ ደግሞ አለ። ግጻዌ የዕለቱን ምስባክና ምንባብ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሚወጣ ለካህኑ ይጠቁመዋል። ካህኑ መጻሕፍቱን ሁሉ ሲያገላብጥ አያድርም፤ ግጻዌውን ያያል፣ ቦታውን ያወጣል።

እርስዎም ለጽሑፎችዎ ግጻዌ ይሥሩላቸው። አንድ ደብተር ይያዙና 13ቱን ወራት ይጻፉ። ኅዳር 6 ቁስቋም። ጥር 7 ሥላሴ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጽሑፍ። ጥር 10 ከተራ፣ የውኃውን ጽሑፍ። ነሐሴ 13 ቡሄ። ቀኑ ሲደርስ ያንን ጽሑፍ ከላይ ያውጡት። ልጅቷ ያንን ጥያቄ ጥር 9 ቀን ብትጠይቅዎ ኖሮ መልሱ በሯ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

---

ኮድ ከአዘዞ
ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ 2:30

የበአታ ተማሪ፣ ይህ ከእኔ ፕለጊን ሁሉ ይበልጣል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምርበት፦ ቀጠሮውን በፈረንጅ ቀን አትሙላው። ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። በ2016 ዓ.ም እንዲያ ሆኖ ነበር። በየዓመቱ ጃንዋሪ 19 ብለህ አስረህ ብትተወው፣ በዚያ ዓመት የጥምቀቱ ጽሑፍ በከተራ ይወጣል።

የጎኑ ማኅደርም በዚሁ ነው የሞተው። «ጃንዋሪ 2016» ይላል። አንባቢው የሚያስታውሰው ጥር 2008 ነው። እንዲያውም «2016» የሚለውን ሲያይ የእኛ 2016 መስሎት ይነካዋል፣ የሚያገኘው ሌላ ነው፣ ይመለሳል። ወይ በእኛ አቆጣጠር አድርገው፣ ወይ አንሣው።

---

አስጎብኚ
ኅዳር 9፣ ከሰዓት 8:20

ጋሼ ቀሃ ዳር፣ እኔ ፋሲል ግቢ በር ላይ ከማይጠፉት አንዱ ነኝ። የእርስዎን ጽሑፍ ለሥራ እጠቀምበታለሁ፤ ስለዚህ የምናገረው ከልቤ ነው።

እኔ ስፈልግ ምን እንደሚሆን ልንገርዎ። እንግዳ ይዤ ግቢው ውስጥ ቆሜያለሁ። ፀሐይ ስክሪኑን አጥፍቶታል፣ ባትሪዬ ቀይ ነው። እንግዳው ስለ ምንትዋብ አንድ ነገር ጠየቀኝና እርስዎ ጽፈውት እንደነበር ትዝ አለኝ። «ምንትዋብ» ብዬ ጻፍሁ። አልመጣም። ያ ጽሑፍ ውስጥ እርስዎ ከላይ እስከ ታች «እቴጌ ብርሃን ሞገሳ» ነው ያሏት። ትክክል ነው፣ የንግሥና ስሟ ነው፤ ግን ምንትዋብ የሚለው ስም አንድም ቦታ የለም! ዓፄ ፋሲልንም አንድ ቦታ «ዓለም ሰገድ»፣ ታላቁ ኢያሱንም «አድያም ሰገድ» ብለው ብቻ አልፈዋል። የፊደሉ ነገር ቢስተካከል እንኳ ይህ አይስተካከልም። ሕዝቡ የሚጠራበትን ስም በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ያስገቡልን።

ሁለተኛ፣ እኔ በቀን አላስብም፤ በቦታ ነው የማስበው። ጃንተከል ዋርካ ጥግ ቆሜ ስለ ጃንተከል፣ ግምጃ ቤት ማርያም ቆሜ ስለ ግምጃ ቤት ማርያም ማንበብ ነው የምፈልገው። አንድ ገጽ ይሥሩልን፣ የቦታ ስም ብቻ የተደረደረበት፤ ከፒያሳ ጀምሮ ሰው በእግሩ በሚሄድበት ቅደም ተከተል። ፎቶ አይኑረው፤ የአንድ ብር ዳታም የማይፈጅ፣ ስም ብቻ ይሁን።

ሦስተኛው ትንሽ ከበድ ይላል። የድሮው ሁሉ ይውጣ ማለት አይደለም። በ2009 ዓ.ም ስለ ግቢው መግቢያ ዋጋና ስለ አውቶቡስ መነሻ ሰዓት የጻፉት አለ። አንድ ከአዲስ አበባ የመጣ ቤተሰብ ያንን አንብቦ፣ የያዘው ገንዘብ አልበቃ ብሎት፣ በሩ ላይ ልጆቹ ፊት ተሳቅቆ ቆሞ አይቻለሁ። አባትየው ስልኩን እያሳየ «ይኸው ተጽፏል» ይላል። በእርስዎ ክፋት አይደለም፤ ቀኑ በትንሽ ፊደል ከሥር ስለ ተጻፈ አላየውም። እንደዚህ ያለውን ወይ ያንሡት፣ ወይ ከላይ በትልቁ «ይህ የ2009 ዋጋ ነው» ይበሉበት። በቅርብ ዓመታት ከተደረገው እድሳት በፊት የተነሡ የግቢው ፎቶዎችም ዓመታቸው ይጻፍባቸው። እነሱ እንዲያውም አሁን ይበልጥ ተፈላጊ ሆነዋል።

---

ቀሃ ዳር
ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1:40

አስጎብኚ፣ ያ ቤተሰብ ነገር ውስጤ ገባ። ዛሬውኑ የዋጋውን ጽሑፍ ከላይ በትልቁ ምልክት አድርጌበታለሁ። የአውቶቡሱን ሙሉ በሙሉ አንሥቻለሁ። ያንን ሰው ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

---

እናት ከቸቸላ
ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 4:00

ልጆቼ፣ ሁላችሁም ስለ ድረ ገጹ ታወራላችሁ። እኔ ድረ ገጹን ከፍቼው አላውቅም። የማነበው ቴሌግራም ላይ የሚመጣውን ነው፤ የዕድሜ እኩዮቼም እንዲያው ነን። የማኅበር ቡና ላይ አንዷ ታነባለች፣ ሌሎቻችን እንሰማለን።

ቴሌግራሙ ላይ የድሮውን ለማግኘት በጣቴ ወደ ላይ ስስብ ስስብ ይደክመኛል። ባለፈው ስለ ፊት አቦ የተጻፈውን ፈልጌ ቀሃ ኢየሱስ ሳልደርስ ተውሁት ማለት ነው፤ መንገዱ እንዲያ ነው የሚረዝመው።

ሌላው፣ ውጭ አገር ላለችው እህቴ ስለ ሰፈራችን የጻፍከውን ልኬላት «ገጹ አልተገኘም» ይለኛል አለች። ሊንኩን አየሁት፤ የመቶኛ ምልክትና ቁጥር የሞላበት፣ ሦስት መስመር የሚያህል። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ይፈራል፤ የሌባ ሊንክ ይመስላል። እህቴ ከሄደች 22 ዓመቷ ነው። ሰፈሯን ልታነብ ፈልጋ ነበር።

---

ቀሃ ዳር
ኅዳር 10፣ ከቀኑ 6:30

እትዬ፣ በጣም ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምክንያቱን ልንገርዎ። በ2013 ዓ.ም ገጼን ወደ ሌላ አስተናጋጅ (ድረ ገጹን በኢንተርኔት ላይ ወደሚያኖር ድርጅት) ሳዛውር ያዛወሩልኝ ሰዎች የጽሑፎቹን አድራሻ ሁሉ ለወጡት። ጽሑፉ አልጠፋም፤ አድራሻው ነው የጠፋው። ከዚያ በፊት ሰው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የለጠፈው ሊንክ በሙሉ ሞቷል። ያኔ አላወቅሁም፤ ያወቅሁ ጊዜ ደግሞ አይስተካከልም ብዬ ተውሁት። የእህትዎን ጽሑፍ አሁን በውስጥ ልኬልዎታለሁ፣ ሙሉውን ቃል፣ ያለ ሊንክ።

---

ኮድ ከአዘዞ
ኅዳር 10፣ ከቀኑ 7:15

ይስተካከላል! የድሮው አድራሻ ዝርዝር ካለህ እያንዳንዱን ወደ አዲሱ የሚመራ ቋሚ ማዞሪያ ይሠራለታል፤ «301» የሚባለው። የነካው ሰው ምንም ሳያውቅ ትክክለኛው ቦታ ይደርሳል፣ ጉግልም አድራሻው መለወጡን ይረዳል። ዝርዝሩ ከጠፋብህ የኢንተርኔት ማኅደር ላይ የድሮ ገጽህ ቅጂ ካለ ከዚያ ለቅመን እናወጣዋለን። ይህን ከሁሉ አስቀድም። አዲስ በር ከመክፈትህ በፊት ሰው የሚያንኳኳውን የተዘጋውን ክፈት።

ሊንኩ የረዘመው አድራሻው በግዕዝ ፊደል ስለ ተጻፈ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ ሲመሰጠር 9 ምልክት ይሆናል፤ «ጎንደር» ብቻ 36 ምልክት ይወጣዋል። ርእሱ በአማርኛ ይሁን፣ አድራሻው ግን በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ቃል ይሁንና ለእናታችን በአንዲት መስመር ይለቅ።

---

መዝገብ ቤት
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 12:45

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ 180ዎቹ መለያ ቃላት ማንም አላነሣም፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ቆጠርኋቸው። ከመቶ በላይ የሚሆኑት እያንዳንዳቸው አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው ያላቸው። መለያ ቃል አንባቢውን ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ወንድሙ የሚያሻግር ድልድይ ነው፤ አንድ ጽሑፍ ብቻ ያለው መለያ ማዶ የሌለው ድልድይ ነው። በዚያ ላይ «ቤተክርስቲያን»፣ «ቤተ ክርስቲያን»፣ «አብያተ ክርስቲያናት»፣ «አድባራት» ብለህ አራት ቦታ ከፍለኸዋል። 8 ወይም 10 ርእስ ይበቃሃል። ታቦታት፣ ነገሥታት፣ ሰፈሮች፣ የጣሊያን ዘመን፣ ገበያ፣ በዓላት፣ ወንዝና ውኃ፣ የአያት ጨዋታ። አዲስ ጽሑፍ ከነዚህ ውስጥ ቦታ ካጣ ያን ጊዜ አዲስ ርእስ ክፈት።

ሁለተኛ፣ «በብዛት የተነበቡ» የሚለውን ዝርዝር አውጣው። እዚያ ያሉት 5 ጽሑፎች የሚነበቡት እዚያ ስላሉ ነው፤ ስለሚነበቡም ከዚያ አይወርዱም። የቀሩት 335 እንዴት ሆነው ይግቡ? በምትኩ በእጅህ የመረጥካቸውን አስቀምጥ፤ በየሁለት ሳምንቱ ቀይራቸው፤ ለምን እንደ መረጥካቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። «ደርቡሾች በ1888 እ.ኤ.አ ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንዴት እንደ ተረፈ» የሚል መስመር ያየ ሰው ይነካዋል። «ተዛማጅ ጽሑፍ» የሚል ያየ ያልፈዋል።

ሦስተኛውን ከሁሉ አስበልጬ ነው የምነግርህ። አዲስ ስትጽፍ የድሮውን ከውስጡ ጥራው። ባለፈው ስለ አንገረብ ስትጽፍ «የቀሃን ጉዳይ ቀደም ብዬ ጽፌዋለሁ» ብለህ አለፍህ። ሊንክ የለም! አንባቢው ስለ ወንዝ እያሰበ፣ ልቡ ተከፍቶ ባለበት በዚያች ሰከንድ ነበር በሩን ማሳየት። «እዚህ ይጫኑ» አትበል፤ «የመዋኛው ውኃ ከቀሃ የሚጠለፍበት መንገድ» የሚለው ሐረግ ራሱ ሊንክ ይሁን። ወደ ኋላም ሥራው፦ የ2011ዱን ጽሑፍ ክፈትና የአንገረቡን ሊንክ ጨምርበት። የድሮው ጽሑፍ አዲሱን ካላወቀው እዚያ የደረሰ ሰው መውጫ የለውም። በቀን ሁለት ብትሠራ በስድስት ወር 340ውን ትጨርሳለህ።

እንደ አዲስ መለጠፉን ግን አልወደውም። ቀኑን ቀይሮ አሮጌውን አዲስ ማስመሰል አንባቢን ማታለል ነው። «መጀመሪያ የተጻፈው 2011፣ የታረመው 2018» ብለህ ሁለቱንም ጻፍ። ዕድሜው ክብሩ ነው።

---

የበአታ ተማሪ
ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 2:20

በመዝገብ ቤት ሐሳብ እስማማለሁ፤ በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ። ስለ 44ቱ ታቦታት የጻፉት በርእስ መሰብሰቡ ብቻ አይበቃውም፣ የራሱ ማውጫ ይገባዋል። እኔ የአጣጣሚ ሚካኤልን አንብቤ ቀጣዩን ስፈልግ ሦስት ወር ቆይቶ ነው የመጣው፤ በመካከል ሌላ ሌላ ጽሑፍ ገባ። አንድ ገጽ ላይ 44ቱም በስማቸው ይደርደሩ፤ የተጻፈው ይከፈት፣ ያልተጻፈው ስሙ ብቻ ይቀመጥ። በእያንዳንዱ ጽሑፍ መጨረሻም ወደ ቀደመው፣ ወደሚከተለውና ወደ ማውጫው የሚወስድ ይኑር።

---

እናት ከቸቸላ
ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 3:10

ልጄ፣ የላክህልኝን ለእህቴ አደረስሁት። በስልክ ስታነብልኝ አለቀሰች። እግዚአብሔር ይስጥህ።

ያንን ማውጫ የምትሠራ ከሆነ ቴሌግራሙም ላይ ይሁንልን፤ ከላይ ተሰክቶ ይቀመጥና እንንካው።

---

ኮድ ከአዘዞ
ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 3:40

እትዬ ያሉት ይቻላል። ቴሌግራም ላይ እያንዳንዱ ልጥፍ የራሱ ቁጥርና ሊንክ አለው፤ ማውጫውን አንድ መልእክት አድርጎ ጽፎ፣ እያንዳንዱን ስም ከልጥፉ ጋር አያይዞ፣ ፒን ማድረግ ነው። ከአንድ በላይ ፒን ማድረግም ይቻላል፣ አንዱ ለታቦታት፣ አንዱ ለሰፈሮች። ሃሽታግ ካደረግህበት የመዝገብ ቤትን 8 ርእሶች ብቻ ተጠቀም፣ አጻጻፋቸው አንድ ዓይነት ይሁን፤ ክፍት ቦታ ስለማይቀበል ሁለት ቃል ከሆነ በታች ሰረዝ አያይዘው። የግጻዌውንም ልጥፎች እስከ አንድ ዓመት ቀድመህ ቀጠሮ ልትይዝላቸው ትችላለህ። ኢንተርኔት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ስለምናውቀው ደግሞ ማውጫውንና ዋና ዋናዎቹን ጽሑፎች በፒዲኤፍ አድርገህ አንድ ቅጂ ለጥፍ፤ ሰው በስልኩ አስቀምጦ በብሉቱዝ ይቀባበለዋል።

---

ቀሃ ዳር
ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ከምሽቱ 3:30

ተመልሼ መጣሁ። የደረስሁበትን ልንገራችሁ።

የሞቱት ሊንኮች ተነሥተዋል፤ ኮድ ከአዘዞ ሁለት እሑድ አብሮኝ ተቀምጦ ነው። አንድ ብር አልተቀበለኝም። ፊደል የሚያጥፈውም ፍለጋ ገብቷል። የዎርድፕሬሱን ተዛማጅ ፕለጊን ነቅዬዋለሁ፤ በእጄ ሦስት ሦስት እየመረጥሁ ነው፣ እስካሁን 90 ጽሑፍ ላይ ደርሻለሁ።

የ44ቱን ማውጫ ስሠራ አንድ ነገር ገጠመኝ። ሁሉንም የጻፍሁ ይመስለኝ ነበር። ስደረድራቸው 31 ናቸው። 13ቱ ባዶ ሆነው ታዩኝ። ስማቸው ብቻ ተቀምጧል፣ እንዳላችሁት። ማውጫው ከወጣ ወዲህ ባዶዎቹን እያዩ ሰዎች እየጻፉልኝ ነው፤ አንድ ሽማግሌ እልፍኝ ጊዮርጊስን በሚመለከት የሚያውቁትን በድምፅ ልከውልኛል፣ 40 ደቂቃ።

ያቺ ተማሪም ተመልሳ ጻፈች። የ2011ዱን ጽሑፍ ለአያቷ አንብባላቸው ኖሯል። አያቷ በልጅነታቸው ገንዳውን ከሚያጸዱት ጋር ወርደዋል፤ እኔ ቦዩ የሚታጠፍበትን ቦታ እንደ ተሳሳትሁ ነግረዋታል። ባለፈው ቅዳሜ ሦስታችን ሄድን። እሳቸው በምርኩዛቸው መሬቱን እየነኩ አሳዩን። ልክ ናቸው። ጽሑፉን አርሜ ከላይ «የታረመው ታኅሣሥ 2018» ብዬበታለሁ፤ የተሳሳትሁትንም መስመር አላጠፋሁትም፣ ከሥሩ የሳቸውን አስገብቻለሁ።

ጥር 7 የሥላሴው፣ ጥር 10 ጠዋት የውኃው ይወጣል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ነው ያሰርሁት።

---

አስጎብኚ
ጥር 3፣ ከጠዋቱ 4:50

ጋሼ፣ አሁን ግቢው ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው። «ምንትዋብ» ብዬ ሞከርሁት፤ የብርሃን ሞገሳው ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ መጣ። በቦታ የተደረደረውም ገጽ ከፍቷል፣ ቶሎ ነው የሚከፍተው። ጃንተከል ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ አንዱን ያንሡት።